ቢራቢሮ ሲከተል የኖረው ደራሲ

ክረምቱ ወጥቶ የጊፋታ በዓል በሚከበርበት በመስከረም ወር ከወላይታ ሶዶ ከተማ ተነሥቶ የዳሞትን ተራራ ሽቅብ የሚወጣ ሰው፣ ከአደንጓሬው ማሳ ዳር ከአውራ ጣት ጥፍር ጥቂት የምትበልጥ ሰማያዊ ቢራቢሮ ብድግ ብላ ስትበር፣ መልሳም ስታርፍ ለማየት ይችላል። አርፋ ክንፏን ስታጥፍ ሰማያዊነቷ ጠፍቶ ቡናማ ትመስላለች፤ ከበስተኋላዋም እንደ ክር የቀጠኑ ሁለት ጭራዎች አሏት። ይህች ፍጥረት ገና ትል ሳለች የአደንጓሬውንና የአተሩን እሸት ውስጥ ገብታ ስለምትበላው ገበሬ አይወዳትም። እርሷ ግን ከአፍሪካ እስከ አውሮፓና እስያ ድረስ የምትገኝ ናት። የእርሷን ዘመዶች፣ ማለት ትናንሾቹን ሰማያዊ ቢራቢሮዎች፣ ሲመረምር ዓይኑን ያደከመ፣ በድርሰቱ ግን ስሙ በዓለም ሁሉ የታወቀ አንድ ሰው ነበረ። ይኸውም ቭላዲሚር ናቦኮቭ ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የዚህን ሰው ታሪክ ሲሆን፣ ዘመኑን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

መረብ ይዞ በተራራ ላይ የሚሮጥ ፈረንጅ ለደቡብ አገራችን እንግዳ አይደለም። ኦስካር ኖይማን የተባለው ጀርመናዊ በ1900 እና በ1901 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ሲዘዋወር ከወፎች ጋር ቢራቢሮዎችንም ሰብስቦ ነበር፤ ከእነዚህም መካከል ሁለቱ በ1902 ዓ.ም. በእርሱ ስም ኦስካሪ ተብለው ተሰየሙ። እንግሊዛዊው ዶክተር ሂዩ ስኮትም በ1948 እና በ1949 ዓ.ም. ከወላይታ በስተደቡብ ባሉት በጉጌ ተራሮች ላይ ነፍሳትን ሲሰበስብ ቆይቷል። ናቦኮቭ ወደ አገራችን መጥቶ አያውቅም። ነገር ግን ወደ ኋላ እንደምንተርከው፣ በሌላ መንገድ ስለ ኢትዮጵያ ብዙ የደከመ ሰው ነው።

ናቦኮቭ የተወለደው ኤፕሪል 22 ቀን 1899 ዓ.ም. በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ነው። ቤተ ሰቡ በሀብትም በሹመትም ከታወቁት የሩሲያ ቤተ ሰቦች አንዱ ነበር፤ አያቱ የፍትሕ ሚኒስትር የነበሩ ሲሆን፣ አባቱ ደግሞ የሕግ ሊቅ፣ ጋዜጠኛና ለሕገ መንግሥት የሚከራከሩ የፖለቲካ ሰው ነበሩ። በጋው ሲገባ ቤተ ሰቡ ሁሉ ቪራ ወደሚባለው ርስታቸው ይሄዳል። ዱሩ፣ ረግረጉና አበባው የሞላበት ይህ ስፍራ ለልጁ እንደ ትምህርት ቤት ሆነለት።

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ በአንድ አበባ ላይ ያረፈች ትልቅ ቢጫ ቢራቢሮ አየ። የቤቱ ዘበኛ በቆቡ ያዘለትና ከነቆቡ ቁም ሳጥን ውስጥ ተዘጋባት፤ ልብስ ከብል ለመጠበቅ የተቀመጠው ናፍታሊን ሌሊቱን ይገድላታል ተብሎ ታስቦ ነበር። በማግሥቱ ጧት ሞግዚቲቱ ዕቃ ልታወጣ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት ቢራቢሮዋ ቱር ብላ ወጣችና በመስኮቱ አምልጣ ሄደች። ናቦኮቭ ካረጀ በኋላ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ፣ ያችን ያመለጠችውን ቢራቢሮ ከአርባ ዓመት በኋላ በአሜሪካ አገር በኮሎራዶ ተራራ ሥር እንደ ደረሰባት አድርጎ በጨዋታ መልክ ተርኮታል።

በ1908 ዓ.ም. አባቱ መንግሥትን የሚቃወም ጽሑፍ ፈርመዋል ተብለው ሦስት ወር ታሠሩ። ከወህኒ ቤትም ለሚስታቸው በስውር በላኩት ወረቀት ስለ ልጃቸው ቢራቢሮዎች ጠየቁ፤ እርሳቸው በእስር ቤቱ ግቢ ያዩት ተራዎቹን ነጭና ቢጫ ቢራቢሮዎች ብቻ እንደሆነም እንዲነገረው አዘዙ። አባትና ልጅ እንዲህ ባለ ፍቅር የተሳሰሩ ነበሩ።

ልጁ ገና በትንሽነቱ የተመኘው አዲስ ዝርያ አግኝቶ ስም ማውጣትን ነበር። አንድ ጊዜ በዓለም ያልታወቀች የእሳት ራት አገኘሁ ብሎ መልኳን ገልጾ ወደ አንድ የእንግሊዝ መጽሔት ላከ። የመጣው መልስ ግን ክሬችማር የተባለ ሰው ቀድሞ ስም ያወጣላት መሆኑን የሚያስረዳ ነበር። ናቦኮቭ ይህን ቂም አልረሳም። ከብዙ ዓመት በኋላ በጻፈው ልብ ወለድ ውስጥ፣ ዓይኑ ታውሮ የሚታለለውን ሰው ክሬችማር ብሎ ጠራው። ሳቅ የሚያሰኝ በቀል ነው፤ ነገር ግን የሰውየውን ጠባይ ያሳያል።

በ1916 ዓ.ም. አጎቱ ሲሞት ሰፊ ርስትና ብዙ ገንዘብ ለእርሱ ተናዘዘለት። የአሥራ ሰባት ዓመት ባለጸጋ ሆነ ማለት ነው። በዓመቱ አብዮቱ ፈነዳና ርስቱም፣ ገንዘቡም፣ በየሳጥኑ የተደረደሩት ቢራቢሮዎቹም ሁሉ ቀሩ። ቤተ ሰቡ ወደ ክራይሚያ ሸሸ፤ ከዚያም በኤፕሪል 1919 ዓ.ም. ተስፋ የሚል ስም ባላት ትንሽ የግሪክ የጭነት መርከብ ተሳፍሮ ተኩስ እየተሰማ ከሴቫስቶፖል ወጣ። ናቦኮቭ ከዚያ ቀን በኋላ የትውልድ አገሩን አላየም። ያን ጊዜ ከክራይሚያ ያወጣው ነገር ቢኖር ስለዚያ አገር ቢራቢሮዎች የያዘው ማስታወሻ ነው፤ በ1920 ዓ.ም. የካምብሪጅ ተማሪ ሳለ በእንግሊዝኛ መጽሔት ታተመ። ከሳይንስ ጽሑፎቹም የመጀመሪያው ይኸው ነው።

ማርች 28 ቀን 1922 ዓ.ም. በበርሊን ከተማ በአንድ ስብሰባ ላይ የንጉሡ ወገን የነበሩ ሰዎች ሚልዩኮቭ የተባለውን የፖለቲካ ሰው ሊገድሉ ተኮሱ። የናቦኮቭ አባት ባልደረባቸውን ሊያድኑ ሲታገሉ እርሳቸው ተመትተው ሞቱ። ልጁም ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ያህል በበርሊን ሲኖር እንግሊዝኛ፣ ቴኒስና ቦክስ እያስተማረ የዕለት እንጀራውን ያገኝ ነበር፤ ማታ ማታ ደግሞ ሲሪን በሚል የብዕር ስም በሩሲያኛ ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር። በ1925 ዓ.ም. ቬራ ስሎኒምን አገባ። ስለ ቬራ ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ ጽሑፎቹን የምትተይብለት፣ መኪና የምትነዳለት፣ ሊያቃጥለው የነሣውን የሎሊታን ረቂቅ ከእሳት አፍ ያዳነችው እርሷ ናት።

ከስደቱ በኋላ ናቦኮቭ መረቡን ይዞ በሙሉ ልብ ወደ ተራራ ለመመለስ የቻለው በ1929 ዓ.ም. ነው። አንዱ መጽሐፉ ወደ ጀርመንኛ ሲተረጐም ጥቂት ገንዘብ አገኘና ሚስቱን ይዞ በፈረንሳይና በስፔን መካከል ወዳሉት የፒሬኔ ተራሮች ሄደ። ቀን ቀን ቢራቢሮ ይሰበስብ ነበር፤ ስለ አንድ የሰንጠረዥ ጨዋታ ሊቅ የሚተርከውን ዝነኛ ልብ ወለዱንም የጀመረው በዚያው ነው። ሰው በእንግዳ አገር ምንም ሳይኖረው ሲኖር፣ በተራራ ላይ የሚያውቃትን ፍጥረት ማግኘት እንዴት ያለ ደስታ እንደሚሰጥ ስደትን የቀመሰ ያውቀዋል። ከሩሲያ ቢራቢሮዎች ብዙዎቹ በአልፕስና በፒሬኔ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ ከፍታው ብርዱን፣ ብርዱም የሰሜኑን አገር አበባ ያመጣልና። ናቦኮቭ ተራራ ሲወጣ በከፊልም ቢሆን ወደ ቪራ ይመለስ ነበር ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

በጀርመን የሂትለር መንግሥት ሲበረታ፣ ቬራ አይሁዳዊት ስለሆነች፣ በ1937 ዓ.ም. ወደ ፈረንሳይ አገር ሸሹ። በ1940 ዓ.ም. የጀርመን ጦር ፈረንሳይን ሲወር ከትንሽ ልጃቸው ከዲሚትሪ ጋር ሻምፕላን በተባለችው መርከብ ወደ ኒው ዮርክ ተሻገሩ። ያች መርከብ በሚቀጥለው ወር ፈንጂ መትቷት ሰጠመች። በአውሮፓ የቀረው ወንድሙ ሰርጌ በጀርመኖች የእስረኞች ሰፈር በ1945 ዓ.ም. ሞተ። ናቦኮቭ እስከዚያ ድረስ የሰበሰባቸውም ቢራቢሮዎች ለሁለተኛ ጊዜ ጠፉ።

አሁን የምንደርሰው ከታሪኩ ሁሉ እጅግ ወደምንወደው ክፍል ነው። ናቦኮቭ አሜሪካ እንደገባ በኒው ዮርክ ባለው የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ያለ ደመወዝ መሥራት ጀመረ። በ1941 ዓ.ም. በጋ አንዲት የሩሲያኛ ተማሪው መኪና እየነዳች እርሱንና ቤተ ሰቡን ወደ ምዕራብ አሜሪካ ስትወስዳቸው፣ ግራንድ ካንየን ከተባለው ታላቅ ገደል ላይ አዲስ ቡናማ ቢራቢሮ አገኘ፤ በተማሪውም ስም ዶሮቴያ ብሎ ሰየማት። ከዚያም እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ቤተ መዘክር የቢራቢሮውን ክፍል በትንሽ ደመወዝ ሲጠብቅ ቆየ። በዚህ ትምህርት ዲግሪ አልነበረውም። ዕለት ዕለት ለብዙ ሰዓት በማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ሰማያዊዎቹን ቢራቢሮዎች ይመረምር ነበር። የክንፋቸው ቀለም ብቻውን ስለሚያታልል፣ በሆዳቸው ጫፍ ያለውን ለዓይን የማይታይ የመራቢያ ክፍል እያወጣ ይሥል ነበር፤ ይህ ክፍል እንደ ቁልፍና ጋን ከየወገኑ ጋር ብቻ የሚገጥም ስለሆነ ዝርያን ከዝርያ ይለያልና። በክንፋቸው ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነባብረው የተደረደሩትን ጥቃቅን ቅርፊቶችም ረድፍ በረድፍ ይቈጥር ነበር። ይህ ሥራ ዓይኑን ጎዳው።

በዚያ ጊዜ ስም ካወጣላቸው መካከል ሳሙኤሊስ የተባለችው ሰማያዊ ቢራቢሮ ዛሬ በአሜሪካ በጣም የታወቀች ናት። በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ካርነር በተባለው ስፍራ ስለተገኘች የካርነር ሰማያዊ ይሏታል። ትሏ ከአንድ የዱር ግብጦ ቅጠል በቀር ሌላ አትበላም። ግብጦን የጎጃም ሰው በደንብ ያውቀዋል፤ የአሜሪካው የዚያ ዘመድ ነው። የዱሩ ግብጦ የሚበቅልበት አሸዋማ መሬት ለቤትና ለመንገድ ሲወሰድ ቢራቢሮዋም አብራ እየጠፋች ስለሄደች፣ በ1992 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ሊጠፉ ከተቃረቡት ፍጥረታት ጋር መዝግቦ በሕግ እንድትጠበቅ አደረገ። ይህ ሊሆን የቻለው በመጀመሪያ ከሌሎቹ የተለየች መሆኗን ለይቶ የጻፈላት ሰው ስለነበረ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር በ1945 ዓ.ም. ጻፈ። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች ላይ ያሉት ሰማያዊ ቢራቢሮዎች ከየት መጡ የሚለውን ጥያቄ አንሥቶ፣ እነዚህ ፍጥረታት ከእስያ ተነሥተው በሩሲያና በአላስካ መካከል ባለው በቤሪንግ በኩል፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን እንደ ማዕበል በአምስት ተራ፣ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ናቸው አለ። ናቦኮቭ ደቡብ አሜሪካን በዓይኑ አላየም፤ ይህን የደረሰበት በቤተ መዘክሩ ሳጥን ያሉትን ጥቂት የደረቁ ቢራቢሮዎች በመመርመር ብቻ ነው። ሊቃውንቱም ብዙ ቦታ አልሰጡትም፤ ደራሲ በትርፍ ጊዜው የሚጫወተው ጨዋታ ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። የነገሩ ፍጻሜ የታወቀው በ2011 ዓ.ም. ነው። በዚያው በሐርቫርድ ቤተ መዘክር የቢራቢሮዎች ኃላፊ የሆኑት ፕሮፌሰር ናኦሚ ፒርስና ባልደረቦቻቸው ወደ አንዲስ ሄደው ቢራቢሮዎቹን ሰብስበው በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ዘራቸውን ሲቈጥሩ፣ አምስቱ ተራ ናቦኮቭ ባለው ቅደም ተከተል ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያዎቹ የተሻገሩት ከዛሬ አሥር ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ የመጨረሻዎቹ ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሆኑ ተረጋገጠ። ናቦኮቭ ከሞተ ያን ጊዜ 34 ዓመት ሆኖት ነበር።

በ1948 ዓ.ም. ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር፣ በየበጋው ቬራ መኪናዋን እየነዳች ወደ ምዕራብ ተራሮች ይጓዙ ነበር፤ እርሱ መኪና መንዳት አያውቅም። ፀሐይ በወጣ ጊዜ ቁምጣ ታጥቆ፣ ኮፍያ ደፍቶ፣ መረቡን በትከሻው አድርጎ በእግሩ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ደመና በሆነ ጊዜ ደግሞ በመኪናው ውስጥ ተቀምጦ በትናንሽ ካርዶች ላይ ልብ ወለዱን ይጽፋል። መንገደኞች ከመኪናቸው እየጮኹ ያፌዙበት፣ ገበሬዎችም ዓሣ ማስገር ክልክል ነው የሚለውን ሰሌዳ በቁጣ ያሳዩት እንደነበር ራሱ ጽፏል። አንድ ጐልማሳ ሰው ቢራቢሮ ያሳድዳል ብሎ ለማመን ለእነርሱም ከብዷቸው ነበር ማለት ነው።

በ1951 ዓ.ም. በኮሎራዶ ተራሮች ቴሉራይድ ወደምትባል የቀድሞ የማዕድን ማውጫ ከተማ ሄዱ። ከተማዋ ያለችበት ከፍታ ከዳሞት ጫፍ ጥቂት ብቻ ዝቅ የሚል ነው፤ ናቦኮቭ የሚፈልጋት ቢራቢሮ ግን ከዚያም በላይ በገደላማው ተዳፋት ላይ ነበረች። ራሱ ስም ካወጣላቸው ሰማያዊዎች የአንዷ ወንዶች ጥቂት ብቻ በቤተ መዘክር ይገኙ ነበር፤ ሴቲቱን ግን ሰው አይቷት አያውቅም። በየቀኑ ዝናብና ነጐድጓድ ከመውረዱ በፊት ባሉት ጥቂት የጧት ሰዓቶች በቋጥኙና በሰማያዊው የግብጦ አበባ መካከል እየተንጠለጠለ ፈለጋት፤ አገኛትም። ዓመቱ ካለፈ በኋላ ስለዚህ ፍለጋ የጻፈው አጭር የሳይንስ ጽሑፍ ለእኛ ከአንዳንድ ልብ ወለዱ ይልቅ ይጣፍጠናል።

ቢራቢሮዎቹን ይገድላቸው አልነበረምን ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። ይገድላቸው ነበር፤ ደረታቸውን በሁለት ጣቱ ጫን አድርጎ፣ በትንሽ ወረቀት ጠቅልሎ ያስቀምጣቸዋል። ይህ ለእኛም ደስ አይለንም። ዳሩ ግን ከላይ የተናገርነው ሁሉ ያለ እነዚያ ሳጥኖች ሊታወቅ አይችልም ነበር።

በእነዚያ ካርዶች ላይ የተጻፈው ሎሊታ የተባለው መጽሐፍ በ1955 ዓ.ም. በፓሪስ፣ በ1958 ዓ.ም. በአሜሪካ ታተመ። አንድ ክፉ ምኞት የያዘው ሰው በአንዲት ትንሽ ልጅ ላይ ስለፈጸመው በደል የሚተርክ በመሆኑ ብዙ ክርክር አስነሣ፤ በአንዳንድ አገርም ታገደ። መጽሐፉ ግን እጅግ ብዙ ተሸጠና ናቦኮቭ ማስተማሩን ተወ። ሀብቱ ከጠፋ ከአርባ ዓመት በኋላ እንደገና ባለጸጋ ሆነ ማለት ነው። ቤት ግን አልገዛም። ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ እስኪሞት ድረስ በስዊስ አገር በሞንትሩ ከተማ በሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል ውስጥ ኖረ። የአልፕስ ተራሮች ከመስኮቱ ይታያሉና በየበጋው መረቡን ይዞ ይወጣ ነበር።

ስለ ኢትዮጵያ የደከመው በዚሁ ዘመን ነው። የሩሲያው ታላቅ ባለቅኔ ፑሽኪን የተወለደው ከናቦኮቭ መቶ ዓመት ቀድሞ ነው። ናቦኮቭ የፑሽኪንን ዩጂን ኦኔጊን ወደ እንግሊዝኛ ተርጕሞ በ1964 ዓ.ም. በአራት ጥራዝ ሲያሳትም፣ የባለቅኔው ቅድመ አያት ስለሆነው ስለ አብራም ጋኒባል ሰፊ ጥናት ጨመረበት። አኑቺን የተባለው ሩሲያዊ ሊቅ በ1899 ዓ.ም. ጋኒባል የተወለደው በመረብ ወንዝ አካባቢ በሰሜን ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ናቦኮቭ ይህን እንዲሁ አልተቀበለም። ልክ እንደ ቢራቢሮዎቹ፣ የአገራችንን የቦታ ስሞችና የጥንት ተጓዦችን መጻሕፍት አንድ በአንድ እየመረመረ ማስረጃው የላላበትን ሁሉ አሳየ። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ጥርጣሬው ደስ ባያሰኝም፣ የጋኒባልን የትውልድ ስፍራ የሚመረምር ሰው ያን ጥናት ሳያነብ ማለፍ አይገባውም።

በጁላይ 1975 ዓ.ም. የ76 ዓመት ሽማግሌ ሳለ በዳቮስ ተራራ ላይ ቢራቢሮ ሲከተል አዳልጦት በቀጥ ያለው ሣር ላይ ቁልቁል ተንሸራተተ። መረቡ ከእጁ ወጥቶ በጥድ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቀለ። ከበላዩ በገመድ ላይ የሚሄደው የተራራ መኪና አለፈ፤ እርሱም እጁን አወዛወዘ፤ ተሳፋሪዎቹ ግን ሽማግሌው ሰላምታ የሚሰጥ መስሏቸው ሳቁና አለፉ። መኪናው ሲመለስ ሰውየው አሁንም እዚያው መሆኑ ስለታወቀ ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው መጥተው አወረዱት። ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አልጠናም።

ጁላይ 2 ቀን 1977 ዓ.ም. በሎዛን ሆስፒታል ዐረፈ። በመጨረሻ የሰበሰባቸው ከ4000 በላይ የሚሆኑ የአውሮፓ ቢራቢሮዎች በዚያው በሎዛን ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ልጁ ዲሚትሪ እንደ ተረከው፣ ሊሞት ጥቂት ቀን ሲቀረው ሊሰናበተው በገባ ጊዜ የአባቱ ዓይን እንባ ሞላ። ምን እንደሆነ ቢጠይቀው፣ በዚህ ሰሞን አንዲት ቢራቢሮ በተራራው ላይ መብረር ጀምራለች ብሎ መለሰለት።